ክር የምታሾልከው ሴትዮ

መኪና ቀቢዎች ሥራቸውን የሚመረምሩት በዓይናቸው አይደለም። ዓይን ይሸነገላል፤ ጥሩ ብርሃን ካገኘ ጎድጓዳውን ሙሉ፣ ጎባጣውን ቀጥ ያለ ነው ብሎ ይመሰክራል። እነሱ የሚያምኑት እጃቸውን ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን በበሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ያንሸራትታሉ። እጅ ምንም ካላገኘ ሥራው አልቋል፤ የሆነ ነገር ካገኘ ደግሞ እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና የብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ቀለም ነው። ይህ የምነግራችሁ ሰውዬ በሙያው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲቆይ፣ ከሱ እጅ በወጣ መኪና ላይ መዳፉን አሳርፎ እንከን ያገኘ ደንበኛ አልነበረም። ሰፈሩም ጋራዡም «መስታወት» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት መታወቂያውና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን በዚያ ስም የምትጠራው ስትቆጣ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የቤታቸው የፊት ክፍል ሱቋ ነው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ በግራዋ ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ፣ በቀኟ ያለቀ ልብስ የምትሰቅልበት ብረት። ባሏን ማብሸቅ ትወዳለች።

«ያንተ ሥራ እኮ ይገርመኛል» ትለዋለች። «በደንብ ከሠራኸው ማንም እንደሠራኸው አያውቅም! የኔን እንኳ ሰው ለብሶት መንገድ ላይ ሲሄድ አየዋለሁ።»

ይስቃል። ነገሩ ግን እውነት ስለነበር ከሳቁ በኋላ ትንሽ ቅር ይለዋል። ያቃናቸውና የቀባቸው መኪኖች ሁሉ ከባለንብረቶቻቸው ጋር ሄደዋል። ሠርቶ ቤቱ ያስቀመጠው፣ ሚስቱ ቁጭ ብላ የምታየው አንድ ነገር አልነበረም።

እሷ የምታየው ሌላ ነገር ነበራት። ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት፣ አንድ ክር የሚሸጥ ድርጅት ድሮ ካደለው የቀን መቁጠሪያ ተቆርጦ የቀረ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የሞተ ሠዓሊ የሳላት ሴትዮ ናት። መስኮት አጠገብ ቆማ፣ አንገቷን ወደ ብርሃኑ ሰበር፣ አንድ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር ታሾልካለች። ክሩ ገና አልገባም። ሥዕሉ ከመጽሐፍ ገጽ አይበልጥም። ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህች ሴትዮ ጋር ስትሠራ ኖራለች፤ «ባልደረባዬ» ነው የምትላት። ጠዋት ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ «ዛሬም አልገባልሽም?» ብላ ትጀምራለች። ነገረኛ ደንበኛ አስቸግሯት ሲወጣ «ሰማሽልኝ ይሄን ጉድ?» ትላታለች። ልጃቸው ትንሽ ሳለች ሴትዮዋ አክስቷ ትመስላት ነበር።

ነገር የተበላሸው በአንድ እጅጌ ነው። ሚስቱ ጥቁር ልብስ ላይ በሰማያዊ ክር የተሰፋ እጅጌ ለደንበኛ አስረከበች። በሳምንቱ መርፌው ጥፍሯን ወጋት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ደርሰውባት አያውቁም። ልጃቸው፣ አግብታ ከወጣች የቆየችና በየእሁዱ የምትመጣ ልጃቸው፣ እጇን ይዛ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደቻት፤ አባትየው ከኋላ ተከተለ።

ሐኪሙ ወጣት ስለሆነ ነገር ማለዘብ ገና አልተማረም። «ብርሃን የሚቀበለው የዓይንዎ የጀርባ ክፍል እየሞተ ነው» አላት። «መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።»

«ስንት ጊዜ አላት?» አለች ልጅቷ።

«ዓመት ከቆየላቸው ጥሩ ነው።»

ሚስቱ አላለቀሰችም። ቤት ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አየችው። «ሄዳለች» አለች በመጨረሻ።

«ማን?»

«ባልደረባዬ። ቢጫ ወረቀት ብቻ ነው የሚታየኝ። አንተዬ፣ ይቺ ሴትዮ ሰው የምታክል ብትሆን ኖሮ እስኪጨልምብኝ ድረስ አያት ነበር እኮ። ክሩን አስገባችው አላስገባችው ሳላውቅ ልቅር?»

ለቀልድ ያለችው ነው፤ አፏ ሳቀ፣ ድምፅዋ ግን አልሳቀም። እሱ እንደ ቀልድ አልሰማውም። በማግስቱ የቀን መቁጠሪያውን ሥዕል ይዞ ማተሚያ ቤት ሄደና «ሰው አሳክሉልኝ» አለ። አሳከሉለት። የወጣው ሰው የሚያክል ነጠብጣብ ነው፤ ፊት ቢሉት ፊት የለ፣ እጅ ቢሉት እጅ የለ። የታተመውን ጠቅልሎ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ካለው ቆሻሻ መጣያ ከተተውና ያን ጊዜ ራሱ ሊሠራት ቆረጠ።

በከተማው የእጅ ሙያ ማሠልጠኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ የሥዕል ክፍል አለ፤ የተልባ ዘይትና የቀለም ማቅጠኛው የተርፐንታይን ሽታ ደረጃው ላይ ይቀበላችኋል። መምህሩ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተበላ ቀጭን ሰው ነው። መስታወት ከኪሱ ሥዕሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ይቺን መሥራት እፈልጋለሁ፣ መምህር። ሰው አሳክዬ። በቶሎ።»

መምህሩ ሳቀ። «ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ሰው ስለው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ጠርሙስስ? ወንበር?»

«መኪና አውቃለሁ።»

«መኪና ስለው?»

«ቀብቼ።»

መምህሩ ከሳቁ ሳይመለስ መስታወት የሚስቱን ዓይን ነገረው። «ካረጁ አይበጁ እንደሚባል አውቃለሁ» አለ፤ «እርስዎ ግን እስቲ ይሞክሩኝ።» መምህሩ ሥዕሉን አነሣና ወደ መስኮቱ ወሰደው።

«ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» አለ። «ወጣት ሳለሁ ዋናዋ ያለችበት አዳራሽ ገብቼ አይቻታለሁ። ከሩቅ ሲያዩዋት ሰው ናት። ሲጠጉ ግን የቀለም ክምር ነው የሚያገኙት። ጉንጯ ላይ ያለው ነጭ በማንኪያ የተጣለ ይመስላል። ክሩማ ተነሥቶ የቆመ ነው፣ በጥርስ ይዘው የሚስቡት!»

«ይሄ ላይ ልሙጥ ነው እኮ።»

«ወረቀት ነዋ፣ ጋሼ!»

መስታወት አላመነውም። መምህሩ ደንቡን ነገረው። አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ። መጀመሪያ ሥዕሉን በካሬ ከፋፍሎ እየለኩ ወደ ሸራው ማዛወር፤ ከዚያ ቡናማ መደብ መቀባት፤ ከዚያ ሴትዮዋን በአመድማ ቀለም ብቻ፣ ደም የሌላት አስከሬን አድርጎ መሥራት፤ ከዚያ ቀለም ማልበስ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይነካም። «ከሁሉ በላይ ይሄን ይያዙልኝ» አለው። «ጥላው ስስ፣ ብርሃኑ ወፍራም። ጥላ ውስጥ ሸራው ይተንፍስ። ብርሃኑ ላይ ቀለሙን አይሰስቱ፤ ዓይን የሚይዘው ያንን ነው።»

የመለካቱ ሥራ እንደ ውሃ ቀለለው፤ የተጋጨ መኪና ሲያቃና የኖረ ሰው መስመር አይስትም። ቀለም ማዛመድማ የተፈጠረበት ነው። መምህሩ ሰባት ቀለም ደባልቆ ያላገኘውን የእጇን ጥላ፣ እሱ ከሦስት ቀለም በአንድ ደቂቃ አወጣው። «እንዴት አወቁት?» ሲለው፣ «አንድ አሮጌ ታክሲ ልክ ይሄን ነበር» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደ ጎረምሳ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያደረገ ነበር የወረደው።

መጠበቁ ነው የገደለው። ጋራዥ ውስጥ ቀለም ጠዋት ተረጭቶ ከሰዓት ይወለወላል። ይሄ የዘይት ቀለም ግን ሳምንት ቆይቶም ጣት ላይ ይቀራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለዋል መምህሩ። «እንቁላሉማ ይሄዳል፤ ዓይኗም እየሄደ ነው» ይላል እሱ። ቤት ሲገባ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «የት ደረሰች?» ብላ ትጠይቀዋለች። «እግሯ ቆመ» ይላታል፤ «ዛሬ እጇ መጣ» ይላታል። ያን ጊዜ ገና ነጭ ልብስ በነጭ ክር ትሰፋ ነበር፤ ከዚያ በደማቅ ክር ብቻ፤ ከዚያ ጨርቁን ጉንጯ ድረስ አቅርባ።

በሦስተኛው ወር አመድማዋ ሴትዮ ደረቀች። መምህሩ አንድ ረቡዕ ወደ ክፍሉ ሲገባ መስታወት ባልዲ ውሃ አጠገቡ አስቀምጦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሥዕሉን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ አገኘው።

«ምን እያደረጉ ነው?!»

«እያለሰለስኩት ነው። ጭረት ነበረበት።»

«ጭረት? ጋሼ፣ ብሩሹ የሄደበት መንገድ እኮ ነው!»

«መንገዱ ታየኛ። ለዚያ ነው ያጠፋሁት።»

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ሰውዬው ልቡ ሳይሆን እጁ ነው የሠራው፤ በሁለት ንብርብር ቀለም መካከል ወረቀት ካልሄደበት ሥራው ቆሻሻ ይመስለዋል። መምህሩ አልተቆጣም። ክንዱን ይዞ ጥግ ላይ ወደተደገፈ የራሱ ሥዕል ወሰደው፤ የአንድ ሽማግሌ ፊት ነው። «ዓይንዎን ይጨፍኑና ይንኩት» አለው።

ነካው። ግንባሩ ጋ ጉብ ያለ፣ አፍንጫው ጋ የተቆለለ፣ ጢሙ ጋ የተቧጨረ ነገር ጣቱን ያዘው። መስታወት እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

«አገኙት?»

«ጭቃ የረገጠ መኪና ነው የሚመስለው።»

«ያገኙት አፍንጫውን ነው» አለ መምህሩ። «ሰው ሳያየው እንኳ በእጁ ሲያገኘው፣ እሱ ነው ሥዕል።»

መስታወት ዳግመኛ የብርጭቆ ወረቀት እንደማያነሣ ማለ። የጠፋውን ለመመለስ አምስት ሳምንት ፈጀበት። አምስት ሳምንት! ሚስቱ በነዚያ ሳምንታት ደማቁንም ክር ተወችና ቁልፍ መትከል ብቻ ጀመረች፤ ቁልፍ በጣት ይሠራል።

ስምንተኛው ወር ላይ ሴትዮዋ ደም አገኘች። ቀሚሷ ላይ ቡናማው፣ አንገቷ ላይ ጽጌረዳማው፣ ከንፈሯ ላይ አንዲት የቀይ ጭላንጭል ገባ። የቀረው ብርሃኑ ነበር። መምህሩ አጠገቡ ቆሞ ግንባሯ ላይ፣ ጉንጯ ላይ፣ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ወፍራም ነጭ አስጣለው፤ እያንዳንዱን ሲጥል መስታወት ንጹሕ በር ላይ ስቱኮ የሚለጥፍ እየመሰለው ይሳቀቅ ነበር። ክሩ መጨረሻ ሆነ። «በአንድ ትንፋሽ» አለው መምህሩ። «ቀለሙን በብሩሹ ጫፍ ይጠቅልሉ፣ ያሳርፉ፣ ይጎትቱ፣ ያንሡ። ሁለተኛ እንዳይመለሱበት።»

መስታወት ትንፋሹን ዋጠ። አሳረፈ፣ ጎተተ፣ አነሣ። ክሩ ሸራው ላይ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ቆመ፤ ከጎን ሲያዩት የራሱን ጥላ ይጥል ነበር። ጫፉ ወደ መርፌው ቀዳዳ ሊደርስ የጸጉር ያህል ቀርቶታል። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ብሩሻቸውን ጥለው መጡ። መምህሩ አጨበጨበ። በሠላሳ ስምንት የሥራ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሠራው ነገር እሱ እንደሠራው ታየ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ተርፐንታይኑ ነው አለ።

«አሁን ያምጧት» አለ መምህሩ። «ዛሬውኑ። ነገ አይበሉ።»

«አላለቀማ። ቫርኒሽ አልነካውም፣ ዳሩም ገና ነው።»

«ምን አገባዎት በዳሩ? እስከ አፍንጫዋ ቀርባ ታየው።»

«ያላለቀ ሥራ ለደንበኛ አይታይም፣ መምህር።»

«ሚስትዎ ደንበኛዎ ናት?»

«ከሁሉ የምትከብደኝ ደንበኛ ናት» አለ መስታወት።

ይቺን መልሱን ልብ በሉልኝ። ያን ዕለት ቢያመጣት፣ ደረጃውን ደግፎ ቢያወጣት፣ ከሥዕሉ አንድ ክንድ ርቀት ቢያቆማት፣ ሴትዮዋን ታያት ነበር። ግንባሯንም፣ ክሩንም። ጥቂት ዓይን ነበራት። እሱ ግን ቤት ሄዶ «ፊቷ አለቀ» ብሎ ነገራት።

«ክሩስ? ገባ?»

«ገና ነው። ትንሽ ቀርቶታል።»

«እስቲ አንዴ ልያት።»

«ሲያልቅ።»

«እኔ ሳላልቅ አድርሰው እንግዲህ» አለችና ሳቀች።

እሁድ ልጃቸው ወደ ጓሮ ጠርታ ገሠጸችው። «አባዬ፣ እማዬ ትናንት በሩን ስትፈልግ ግድግዳ ስትዳብስ ነበር። ባያልቅስ ምናለበት? እንዳለ አምጣላት።»

«ሁለት ሳምንት።»

«አባዬ!»

«ሁለት ሳምንት አልኩ እኮ!»

ማሠልጠኛው ለዕረፍት ተዘጋና መስታወት ሸራውን ጋራዥ ወሰደው፤ አቧራ የማይገባበት የሚያውቀው ቦታ የቀለም መርጫው ክፍል ብቻ ነው። ያ ክፍል ደግሞ መብራት አለው። ከግራና ከቀኝ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ አምፖሎች ናቸው፤ የተፈጠሩት ጉድ ለማጋለጥ ነው። እዚያ መብራት ፊት ሴትዮዋን ሲያቆማት ልቡ ቁርጥ አለ። እያንዳንዱ የብሩሽ ጉብታ ጥላውን ጣለ። ያ ሁሉ የተጨበጨበለት ጉንጭ በረዶ የወረደበት የሞተር ክዳን መሰለው። የጋራዡ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አንገቱን ብቅ አደረገና «ጋሽ መስታወት፣ ይቺ ደግሞ የት ነው የተጋጨችው?» ብሎ ሳቀ።

አራት ቀን ታገለ። መማሉን አልረሳም። ግን የቀን መቁጠሪያዋ ሴትዮ ልሙጥ ናት፤ ሚስቱ ሠላሳ ዓመት የምታውቃት ያቺን ነው። ደግሞም ሚስቱ ጠማማ ስፌት ጨለማ ውስጥ በጣቷ የምታገኝ ሴት ናት። እጇን ይቺ ላይ አሳርፋ እንዲህ ጉብጉብ ያለ ነገር ብታገኝ ምን ትለዋለች? «ለኔ ሲሆን ነው የተዝረከረከው?» አትለውም? ይሄ ሐሳብ ነው የጣለው። ለእጇ ብሎ ነው።

ወፍራሙ ቀለም ከላይ ደርቆ ከውስጥ ገና ለስላሳ ነበር። በምላጭ ላጨው። ክሩ ከሸራው ላይ ሲነሣ እንደ እውነተኛ ክር ተጠቅልሎ ምላጩ ላይ ቀረ፤ በአሮጌ ጨርቅ ጠረገውና ጨርቁን የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣለው። የተላጨውን ቦታ በስሱ ሞላ፣ ማድረቂያ ጨመረበት፣ ሙቀት ለቀቀበት፣ በውሃና በወረቀት አስተካከለ፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ጥፍሩን፣ ክሩን አንድ በአንድ በቀጭን ብሩሽ መልሶ ሣለ። ሙቀቱ አንዱን ጥግ ጨማደደውና ከጥጉ እንደገና ጀመረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይሄ ነው፤ ሁለቱ ሳምንት ስድስት ሆነ። በመጨረሻ መኪና የሚያበራበትን ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ረጨበት። ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር አንሸራተተ። ምንም። ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር ከክሩ ቀን የበለጠ ደስ አለው።

በነዚያ ስድስት ሳምንታት ሚስቱ ቤቱን በልቧ ይዛ ጨርሳ ነበር። ከአልጋ እስከ ወንበር ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ማሰሮው የት እንዳለ፣ የበሩ እጀታ በየት በኩል እንደሚገኝ ታውቃለች፤ ስትሄድ ያያት ሰው ታያለች ይላል። እሱም ማታ ደክሞት እየገባ፣ ስትሄድ እያያት፣ ታያለች ብሎ ነበር። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ነገረችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እሁድ ረፋዱ ላይ አባትና ልጅ ሸራውን ተሸክመው አስገቡትና የቀን መቁጠሪያው በነበረበት ግድግዳ አስደገፉት። ሚስቱ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯን አበጥራለች፤ እንግዳ እንደሚመጣባት ሰው ቀሚሷን ቀይራለች።

«ይኸው» አላት። «መጣችልሽ።»

አገጯን ከፍ፣ ዝቅ አደረገች።

«አየሻት?»

«ብርሃን አያለሁ» አለች ሚስቱ። «ግድግዳው ላይ መስኮት አወጣህበት እንዴ?»

ያየችው ከኋላዋ ያለውን መስኮት ነበር፤ ቫርኒሹ ላይ ተንጸባርቆ ሙሉው ታይቷታል። መስታወት ሸራውን ከግድግዳው ላይ በጥቂቱ አዘነበለው።

«አሁንስ?»

«አሁን ጠፋ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ቁርጡን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። የጨርቅ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። ሚስቱ ግን እጇን ዘረጋች።

«ምን አደረቃችሁ? አቅርቡኝ። እጅ አለኝ አይደል?»

አቀረባት። እጇን ሸራው ላይ አሳረፈችና ከዳር እስከ ዳር አንሸራተተች፤ ልክ እንደ ደንበኛ። መስታወት እንዲህ ያለ እጅ ስንት ሺህ ጊዜ አይቷል! መኪናው አጠገብ ቆሞ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ አንዲት ቃል ሲጠብቅ ኖሯል።

«ፊቷ የት ጋ ነው?»

ጣቷን ይዞ መራት። «ይሄ ግንባሯ ነው። ይሄ ጉንጯ። ይሄ… ይሄ አፍንጫዋ።» በመርፌ ብዛት የጠነከረው የጣቷ ጫፍ ግንባሩ ላይ ሄደ፣ ጉንጩ ላይ ሄደ፣ አፍንጫው ላይ ሄደ። የትም አልቆመም። ተመልሳ ፈለገች። በጥፍሯ ሞከረች።

«ልሙጥ ነው» አለች። «ምንም የለም።» ከዚያ የባሏ እጅ እጇን መምራቱን ሲያቆም ተሰማትና ቶሎ አለች፣ «ማለቴ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ አድርገህ ቀብተኸዋል። ምንም አይሰማም!»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲጠብቃት የኖረው ቃል ይቺው ነበረች። ልጅቷ ወደ ጓሮ ወጣች። መስታወት የሚስቱን ጣት ለቀቀ፤ ሊይዘው አልቻለም። ዓይኑ ፊት የመጣው የጋራዡ በርሜልና ያ አሮጌ ጨርቅ ነው። በርሜሉ ከወር በፊት ተደፍቷል።

«ክሩስ?» አለች ሚስቱ። «የት ጋ ነው? ገባ?»

«እዚያው ነው» አለ። «ትንሽ ቀርቶታል።»

ብቻዋን ፈለገችው። ጣቷ ከሴትዮዋ ፊት ወረደ፤ መርፌውን ነክቶ ሳያውቀው አለፈ፤ ክሩን ራሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበትና አለፈው። በክርኗ አጠገብ፣ በቀሚሷ ጥግ አድርጎ ወረደ። ከሸራው ግርጌ፣ ከጥቁር ግድግዳ በቀር ምንም ያልተሣለበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ጣቷን ወዲህና ወዲያ አመላለሰችው። ፊቷ በራ።

«አገኘሁት!» አለች። «ይኸው፣ ክሩ! እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ ያቀጠንከው?»

እሱ ጣቷን አየ። ከጣቷ ሥር ያለውን ጥቁር አየ፤ ሙቀቱ የጨማደደው ጥግ ነው፣ የሱ መዳፍ ያልያዘው የጸጉር ያህል መስመር ቀርቶበታል።

«አዎ» አላት። «እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ወንበሯ ላይ ከመቀመጧ በፊት ጎንበስ ትልና ጣቷን በዚያ ጥግ ላይ ታሳርፋለች። «ዛሬም አልገባልሽም?» ትላለች። እሱ ጋራዥ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ከውስጥ ክፍል ይሰማታል። ክሩ እዚያ እንዳልሆነ ነግሯት አያውቅም። እሷም ጠይቃው አታውቅም።